የአቶ ደምሴን እጅ ስለካ

የአንጎል ማነቃቂያ ጥናቱን የተቀላቀልኩ ዕለት ከአዲስ አበባ የመጡት ዶክተር፣ የጥናቱ ዋና ተመራማሪ፣ ቅጽ፣ እስክሪብቶና የፕላስቲክ ኩባያ አስረከቡኝ። የቀየት ጤና ጣቢያ ነርስ ነበርኩ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ «የመስክ መረጃ ሰብሳቢ» ተባልኩ። ማዕረጉ ረዘመ እንጂ እግሬ ከመኳተን አልዳነም።

የደረሱኝ ታካሚ አቶ ደምሴ የሚባሉ፣ ባና የተባለውን የመንዝ የሱፍ ብርድ ልብስ የሚሠሩ ሸማኔ ነበሩ። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ መወርወሪያ መያዝ ሲያቅታቸው ውጭ አገር ያለች ልጃቸው ወስዳ አሳከመቻቸው። ሐኪሞቹ አንጎላቸው ውስጥ ቀጭን ሽቦ፣ ደረታቸው ቆዳ ሥር ባትሪ ቀበሩላቸው። ሽቦው በኤሌክትሪክ እየነካካ መንቀጥቀጡን ያረጋጋል። እንዴት እንደሚያረጋጋው ግን ሐኪሞቹም አጥርተው አያውቁም፤ ጥናቱም ለዚሁ ነበር።

በየወሩ አቶ ደምሴ ወረቀት ላይ ጠመዝማዛ መስመር ይስላሉ፣ ውሃ የሞላ ኩባያ ይይዛሉ፤ እኔ የፈሰሰውን እመዘግባለሁ። በሥራ ቀን ከሥራው ተነስቶ ቅጽ የሚያስሞላ ሰው ስለሌለ ሁልጊዜ የምሄደው በሃያ አንድ፣ በማርያም ነበር። በዚህ ብልጠቴም እኮራ ነበር።

ኩባያው በየወሩ ግማሹን ያፈሳል። ዶክተሩ ውጤቱን አይተው፣ «ሲስተር፣ ከፍታው ነው! የደጋ አየር ማሽኑን አዳክሞታል» አሉ። በመንዝ ብርድ የተዳከመው የእሳቸው ጉልበት መሆኑን ልነግራቸው ነበር፤ አለቃ ናቸውና ተውኩት። ሐሳባቸውን አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት አቀረቡ፤ ተጨበጨበላቸው።

ከጭብጨባው በኋላ ትእዛዝ መጣ። የአቶ ደምሴ ባትሪ እያለቀ ነው፤ ማሽኑ ስለማይሠራ ግን ጥናቱ አዲስ አይተካም። መርዶውን ማድረስ የእኔ ድርሻ ሆነ።

መኪና የተገኘው ማክሰኞ ነው። ስገባ አቶ ደምሴ የሽመና ጉድጓዳቸው ውስጥ ተቀምጠው ባና ይሠራሉ፤ መወርወሪያው ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል።

«ጋሽ ደምሴ፣ እጅዎ አይንቀጠቀጥም እኮ!»

«ዛሬ ምን በዓል አለና ይንቀጠቀጣል?»

«ከበዓል ጋር ምን አገናኘው?»

«በበዓል አጠፋዋለኋ!» የማሽኑን መቆጣጠሪያ ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩኝ። «በማርያም ቀን እኔ መወርወሪያ ሳልነካ፣ እሱ እጭንቅላቴ ውስጥ ሲሠራ ይዋል?»

«ታዲያ እስከዛሬ ለምን አልነገሩኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ፣ ልጄ? ኩባያ ያዙ አልሽኝ፤ ያዝኩ።»

በጣም አፈርኩ። ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ ስናጠና የከረምነው ጠፍቶ ሳለ ነው። ዶክተሩስ እንግዳ ናቸው። እኔ ግን የዚሁ አገር ልጅ ነኝ፤ በሃያ አንድ እናቴ ቤት እንኳን ሸማ ሊሠራ እህልም አይፈጭም።

እዚያው ለካሁ። ጠብታ አልፈሰሰም። ለዶክተሩ ደወልኩ።

«ቅጹ ላይ ስለ በዓል የሚጠይቅ ቦታ የለም» አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ «ከፍታውስ?»

«ከፍታው እዚያው ነው፣ ዶክተር። ማሽኑ ነው የበራው።»

 ባትሪው ካልተተካ የዚያን ቀን ውጤት ይዤ፣ እሳቸው የተጨበጨበላቸው አዳራሽ እንደምቆም ነገርኳቸው። በግምገማ ዘመን እንዲህ ያለ ወሬ አለቃ አይወድም። አቶ ደምሴ አዲስ አበባ ሄደው ባትሪው ተቀየረላቸው። ዶክተሩ የከፍታውን ነገር ከዚያ በኋላ አላነሡም፤ ተሳስቼ ነበርም አላሉም።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። በቦታዬ ለምትተኩ የምለው ይኼን ብቻ ነው፤ ከመለካታችሁ በፊት ማሽኑ በርቶ እንደሆነ ባለቤቱን ጠይቁ።