ልደቱ አለቃ የለውም

የልደቱ አያት ከባቡሩ ጋር ጅቡቲ ገቡ፤ ከባቡሩ ጋር ጡረታ ወጡ። አባቱም እንደዚያው። ልደቱ ግን ባቡሩ አልጠበቀውም። ነቢል በሚባል ሰው ድርጅት ተቀጥሮ፣ አገሬው ክሊም የሚለውን የግድግዳ ማቀዝቀዣ ሰቃይና ጠጋኝ ሆነ።

አንድ ቀን ነቢል ትከሻውን አቀፈው። «እስከ መቼ የሰው ቅጥር? ፓታንትህን አውጣና ራስህን ቻል። ሥራውን እንደሆነ እኔው እሰጥሃለሁ።»

የንግድ ፈቃዱን ባወጣ ዕለት፣ እናንተዬ፣ ልደቱ ምድር ጠበበችው! «ከእንግዲህ ሠራተኛ ብሎ የሚጠራኝ ወዮለት!» ብሎ ሰፈሩን ካርቲየ 6ን አዳረሰ።

«ታዲያ የነቢልን ቱታ ምን ያስለብስሃል?» አለችው ሚስቱ ፅዮናዊት።

«ቱታ ልብስ እንጂ አለቃ ነው እንዴ?»

«በማለዳ እየደወለ የሚያስነሳህስ?»

«ደንበኛዬ ነዋ!»

«አረፈድክ ብሎ የሚሰድብ ደንበኛ ገና ዛሬ አየሁ።»

ትኩሱ የኻምሲን ነፋስ ከተማውን በሚጠብስበት ወር፣ ነቢል በላከው ቤት፣ በነቢል መሰላል ላይ ቆሞ ሳለ መሰላሉ ከዳው። እግሩ ከጉልበቱ በታች ደቀቀ። ብረት ካልገባበት አይሄድም አለ ሐኪሙ። ተቀጣሪ ቢሆን የሚያሳክመው ዋስትና ነበረው፤ ራሱን ለቻለ ሰው ግን ዋስትናው ራሱ ነው። ነቢል ብርቱካን ይዞ መጣ፤ «ፓትሮን፣ አለቃዬ፣ አላህ ያሽርህ» አለና ሄደ።

ልደቱ ለመንግሥት የሥራ ተቆጣጣሪ አቤት አለ። ሰውየው አልጨከነበትም። «እውነት የነቢል ሠራተኛ ከነበርክ፣ የሚያውቅህ ሰው ይመስክርልህ» አለው። ልደቱ የእድሩን ዳኛ ጋሽ አበሩን አመጣ። ጋሽ አበሩ የወዳጅን ክብር በባዕድ ፊት ማሳነስ ነውር የሚሆንባቸው ሰው ናቸው።

«ልደቱን ማን ነበር የሚያዘው?» ሲል ተቆጣጣሪው ጠየቃቸው።

«ማን ደፍሮ!» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «ጌታዬ፣ ይህ ልጅ የሰው ፊት አያይም። አለቃ የለውም። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል!»

«ኧረ ጋሼ፣ እንደሱ አይደለም» አለ ልደቱ ከዊልቸሩ ላይ።

«ዝም በል! እኔ ቆሜ አንተ አትዋረድም!»

ተቆጣጣሪው ሌላ ጥያቄ አልነበረውም።

ውጭ፣ ፅዮናዊት ዊልቸሩን ስትገፋ፣ ጋሽ አበሩ ላባቸውን እየጠረጉ ወደ ልደቱ ጎንበስ አሉ።

«እንዴት ነው ታዲያ? አኮራሁህ?»

ልደቱ ሽማግሌውን ቀና ብሎ አያቸው። «አኩርተውኛል፣ ጋሼ» አለ።

ብረቱ ሳይገባ ቀረ። አጥንቱ እንደ ጎበጠ ገጠመ፤ መሰላል የሚወጣ እግር ግን አልሆነም።