በጡሩምባ የተነገረ ነፋስ

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ አቶ ደሳለኝ ከጎንደር በማኪና አምጥተው ዳባት ላይ በሽቦ የታጠረ ሜዳ ውስጥ አቆሙኝ። የዝናብ መለኪያውን፣ ቴርሞሜትሮቹ የሚቀመጡበትን ነጭ የጣውላ ሳጥንና የነፋስ መለኪያውን ምሰሶ አሳዩኝ። "ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ትለኪያለሽ፤ ካልዘነበ ዜሮ ብለሽ ትመዘግቢያለሽ" አሉኝ። ለዜሮ ደመወዝ የሚከፍል መሥሪያ ቤት በመኖሩ ደስ አለኝ፤ ፊቴን ግን ኮስተር አድርጌ "እሺ" አልኩ።

እንዲህ ሆኜ የአየር ሁኔታ ታዛቢ ሆንኩ። ለሠፈሩ ሰው ግን የማዘንበው እኔ ነበር የምመስለው። የእድራችን ዳኛ አያ ጫኔ ልጃቸውን ሊድሩ ሲሉ መጡና፣ "እሑድን ደረቅ አድርጊልኝ" አሉ።

"አያ ጫኔ፣ እኔ እለካለሁ እንጂ አላዘንብም።"

"አውቃለሁ። ብቻ ለአለቆችሽ ንገሪልኝ።"

እሑድ ዳሱ ውኃ ገባበት። አያ ጫኔ ክረምት እስኪገባ ሰላምታ ነፈጉኝ።

ማስጠንቀቂያ ማሰማት የጀመርነው ስልክ በሰው ሁሉ እጅ ከገባ በኋላ ነው። ከጎንደር መልእክት ይደርሰኛል፣ ለቀበሌው አነባለሁ፣ ቀበሌው በድምፅ ማጉያ ያሰማል። ቋንቋው የአለቆቼ ነበር፦ የመከሰት ዕድሉ ከፍተኛ የሆነ፣ ምናምን። ሰው ሰምቶ "ሸጋ" ይልና ወደ ሥራው ይሄዳል።

አንድ የግንቦት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ከበረዶ ጋር ኃይለኛ ነፋስ እንደሚመጣ መልእክት ደረሰኝ። ወዲያው ትዝ ያለችኝ ጎረቤቴ እናትነሽ ናት። አራስ ናት። ባሏ የቤታቸውን ጣሪያ ሲያድስ ምስማር አልቆበት ጎንደር፣ አራዳ ገበያ ሊገዛ ሄዷል፤ ግማሹ ቆርቆሮ በወጉ አልተመታም። ነፋሱ ቢገነጥለው እናትና ልጅ ላይ ነው የሚወርደው። ሮጬ ሄድኩና መልእክቱን ከስልኬ አነበብኩላት።

"እትዬ ሙሉ፣ ይሄ ነፋስ ስንት ቆርቆሮ ያነሳል?" አለችኝ።

"ጉዳት የማድረስ ዕድሉ ከፍተኛ…" ብዬ ጀመርኩ።

"ምነው፣ እናንተ አዎ ወይም አይደለም ማለት አትችሉም?"

ሰው ልጠራ ወደ ቀበሌው ሮጥኩ። መብራት ጠፍቶ ድምፅ ማጉያው ድዳ ሆኗል። እዚያ ያገኘኋቸው አያ ጫኔ ጺማቸውን ዳሰስ አደረጉና፣ "ጡሩምባ ነፊያችን ምን ይሠራል? ፈንታ ይንፋ። ጣሪያችሁን እሰሩ፣ ቤታችሁ ግቡ ብሎ ይለፍፍ" አሉ። ሸጋ ሐሳብ መሰለኝ።

አያ ፈንታ ግን በዕድሜያቸው ሙሉ ከሞት በቀር ለፍፈው አያውቁም። የሠፈሩ ሰውም ጡሩምባ ከሰማ ቃሉን አይጠብቅም፤ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል። እሳቸው "ቤታችሁ ግቡ!" ሲሉ ቤቱ የቀረ ሰው አልነበረም።

"ማን ነው የሞተው?" ይባባላሉ። እኔ ደግሞ እያለከለክሁ ወደ እናትነሽ ቤት ስሮጥ ታየሁ። በቃ፣ ሟቿ ታወቀች። "እኔን! አራሷን!" ብላ አንዲት ሴት ደረቷን መታች፤ ለቅሶው ቀለጠ። የእድሩ ጎልማሶች ድንኳኑን፣ ካስማውንና ገመዱን ተሸክመው ከተፍ አሉ።

እናትነሽ ልጇን ታቅፋ በሩ ላይ ብቅ አለች።

"ምነው? ማንን ነው የምታለቅሱት?"

"አንቺን ነው እንጂ!" አለች ከፊት የቆመችው አልቃሽ፣ እንባዋን ሳትጠርግ።

"አለሁ እኮ!"

"አይዞሽ፣ እኛም አሁን ነው የሰማነው።"

ልስቅ አፌን ስከፍት ነፋሱ ደረሰ። አንዱ ቆርቆሮ ጫፉ ተነስቶ ተላተመ። ሰዉ በአገሩ ልማድ ጣሪያው ላይ ሊጭን ድንጋይ ማንሳት ጀመረ።

"ድንጋይ አይሆንም!" ብዬ ጮህኩ። "ነፋሱ ድንጋዩንም ያወርድባችኋል። የድንኳኑን ገመድ በጣሪያው ላይ ወርውሩ! በሁለቱም በኩል ካስማ ምቱ! ደጅ ያለውን ዕቃ አስገቡ!"

በሥራ ዘመኔ "ዕድል" የሚል ቃል የሌለበት የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያዬ ይኸው ነው። አያ ጫኔም፣ "ሰማችሁ? የእድር ሥራ ነው፣ ቶሎ በሉ!" አሉ። ለሞት የመጣ ጎልማሳ ሁሉ ገመድ ላይ ተንጠለጠለ።

በረዶው ሲጀምር ለቀስተኛው እንዳለ ቤት ገባ። ከመስኮቱ ርቀን ተፋፍገን ተቀመጥን። ቆርቆሮው ሲያቃስት ዓይኔን ከጣሪያው ላይ መንቀል አቃተኝ፤ ከልቤ ፈርቼ ነበር። ሕፃኑ አልቃሿ ጭን ላይ ተኝቷል። የማድቤቱ ጣሪያ ሄደ። የቤቱ ግን እንዳለ ቆየ።

ነፋሱ በርዶ ኔትወርክ ሲመለስ አቶ ደሳለኝ ደወሉ።

"ማስጠንቀቂያው ለኅብረተሰቡ ደረሰ?"

"ደርሷል።"

"በምን መንገድ?"

"በለቅሶ።"

"ሪፖርቱ ላይ 'በባህላዊ የመገናኛ ዘዴ' በዪው" አሉኝ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። እኔን ለተኩት ልጆች የምለው ይህን ነው። የነፋሱን ፍጥነት ብቻ ነግራችሁ አትሂዱ። ጣሪያ እሰሩ፣ ደጅ ያለውን አስገቡ፣ ከዛፍና ከመስኮት ራቁ በሉ፤ ብቻውን ላለ ሰው ማን እንደሚደርስለትም ተናገሩ። ያን ቀን መልእክቱ እናትነሽን በሰዓቱ ደርሷታል። ጣሪያዋን የያዘላት ጎረቤት ነው።