ባለ ጎማው ቤቴና የጎባው ኮሶ

ከጎባ የወጣሁበት ዋዜማ፣ ጀምበር ልትጠልቅ ስትል፣ እናቴ እጄን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። ብርዱ ያን ቀን ከሳነቴ ተራራ ተንከባሎ ወርዶ እኛ ግቢ ያረፈ ይመስል ነበር። ውሻችን እንኳ መጮህ ጀምሮ ጥርሱ ስለተንገጫገጨበት ተወው። ከኮሶው ዛፍ ሥር አቆመችኝና፣ «ከዚህ ዛፍ እስከ አጥሩ ያለው ያንተ ነው፤ ሄደህ ሄደህ ስትመለስ ቤት ትሠራበታለህ፤ ማንም አይነካብህም» አለችኝ። ከዚያ በወተት ዱቄት ጣሳ የጠቀጠቀችውን ጭኮ አስታቀፈችኝ። ጭኮ የማታውቁ ካላችሁ፣ የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ በቅቤ የታሸ ነው። አንድ ጉርሻ የበላ ሰው ሻሸመኔ እስኪደርስ ረሃብን ከነስሙ ይረሳል። ታናሽ ወንድሜ ደምሴ ሻንጣዬን ተሸክሞ ከኋላችን ቆሞ ነበር። እሱም ኮሶውን ቀና ብሎ አየ። ያኔ ዛፍ የሚያይ መስሎኝ ነበር።

ስለ በረሃውና ስለ ባሕሩ አልጽፍም። የተሻገረው ያውቀዋል፤ ያልተሻገረው ባያውቀው ይሻለዋል። ጭኮው ሊቢያ ላይ አለቀ። ጣሳው ግን ጀርመን ድረስ አብሮኝ ገባ፤ እንዲያውም ወረቀቱን ከእኔ ቀድሞ ያገኘ ነው የሚመስለኝ፣ ማንም ምን ፈልገህ መጣህ ብሎ አልጠየቀውም።

ጀርመን አገር ሰው ከሞተ በኋላ የሚያገኘውን ጸጥታ በሕይወት ሳለ ነው የሚለማመደው። ክፍል ያከራየችኝን አሮጊት ስሟን ለመጥራት ሁለት ምላስ ስለሚያስፈልግ ወይዘሮ ጸጥታ ብያታለሁ። እሑድ እሑድ ወደ ጎባ ስደውል በሬን ታንኳኳለች፤ ሄር የምትለኝ አቶ ማለቷ ነው።

«ሄር ታደሰ፣ በየሳምንቱ ከማን ጋር ነው የሚጣሉት?»

«ከእናቴ ጋር ነኝ።»

«ከእናትዎ ጋር ምን ያጣላዎታል?»

«ኧረ ሰላም እያልኳት ነው።»

«ይህን ሁሉ ጊዜ?»

«ገና ወደ ከብቶቹ አልደረስንም።»

እንዴት ላስረዳት? በእኛ አገር «አካም ጅርታ» ተብሎ ተጀምሮ የሰው፣ የላም፣ የገብስ፣ የዝናብ ደኅንነት ሳይጠየቅ ስልክ ቢዘጋ ሞት አለ ማለት ነው። ደግሞስ ጎባ ድረስ የሚሰማ ነገር በሹክሹክታ ይነገራል? በመጨረሻ አይገንበዳርፍ የሚል ደብዳቤ ሰጠችኝ። ክፍሉን ለራሴ እፈልገዋለሁና ውጣ ማለት ነው። በኋላ ሻንጣዬን ልወስድ ስመለስ አልጋዬ ላይ ድመቷ ተጋድማለች። እንደ እኔ ስልክ አትደውልም።

ሌላ ቤት ፍለጋ ያላንኳኳሁት በር የለም። ከሰው ሁሉ የተረፈኝ ከድር ብቻ ነበር። ከድር የሮቤ ልጅ ነው፤ እዚያ ጎሚስታ ነበር፣ እዚህ ፋብሪካ ውስጥ ሣጥን ላይ ሣጥን ይደረድራል። ሶፋው ላይ አስተኝቶኝ ጧት ጧት፣ «ታዴ፣ ስታንኮራፋ የኮምባይነር ድምፅ ታሰማለህ፤ ሲናና ለአጨዳ የሄድኩ መስሎኝ ተነሣሁ» ይለኛል። ከሶፋው የሚያስወጣኝን ዘዴ ያመጣው ራሱ ነው። ስልኩን አቀበለኝ። ቮንሞቢል ይሉታል፤ ቮን መኖር፣ ሞቢል መንቀሳቀስ ነው። አልጋ፣ ምድጃና ሽንት ቤት ያለው መኪና። ያገለገለውን ሰው ኢንተርኔት ላይ ይሸጠዋል።

እኔን የማረከኝ አንድ ሽማግሌ መኪና ነበር። ፎቶው ላይ ከበስተኋላው ፀሐይ ትጠልቃለች፣ መጋረጃው አበባ አበባ አለው። ከሥሩ «ለባስትለር» የሚል ተጽፏል። ስልኬ ቃሉን «በእጁ መሥራት ለሚወድ» ብሎ ተረጎመልኝ። እጅ ደግሞ አለኝ።

ከድር ሥራ ስለነበረበት ብቻዬን በባቡር ሄድኩ። ሻጩ ጢሙ ለአጨዳ እንደ ደረሰ የሲናና ስንዴ ወርቃማ የሆነ አዛውንት ነው። ቁልፉን ከመስጠቱ በፊት መኪናውን አብረን ዞርነው።

«ጣሪያው ያፈሳል» አለኝ።

«እሺ።»

«ወለሉ በስብሷል። ፍሬኑ አይታመንም። ውስጡ አይጥ አለ። ለምርመራ ቢወሰድ ቦሎ አያገኝም።»

«እሺ አባቴ።»

«እኔ እርስዎን ብሆን አልገዛውም።»

ዓይኔ እንባ አቀረረ። ምን ዓይነት እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነው!

አሁን የአገሬ ሰው ይፍረደኝ። በእኛ ሰፈር የሚያምር ሕፃን ያየ ሰው «ምን ያስቀይማል!» ብሎ ነው ጉንጩን የሚስመው። እናቴ እንግዳ ፊት «ይሄ ጉሬዛ» ትለኝ ነበር፤ እንግዳው ሲወጣ ነው «ዓለሜ» የምሆነው። ጎረቤታችን ገብሱ እንዴት ሆነ ሲባል ጎተራው ሊፈነዳ ደርሶ እንኳ «ኧረ ዋግ ጨረሰው» ይላል። የሰው ዓይን ክፉ ነዋ! የሚወዱት ነገር ይነወራል፣ ይሸፈናል። እንግዲህ ይህ ሽማግሌ መኪናውን ሲያዋርድ ስሰማ፣ ምን ያህል ቢወደው ነው አልኩ። ባዋረደው ቁጥር ፍቅሬ ጨመረ። አይጡ ላይ ሲደርስማ ልቤን ጨርሶ ወሰደው። የጠየቀኝን ሳልከራከር ሰጠሁት፤ እንዲያውም ጉልበቱን ልስም ጎንበስ ስል ደንግጦ ወደ ኋላ ሸሸ።

እየነዳሁ ስመለስ መንገዱ ላይ ያሉ ሰዎች ሁሉ ያዩኝ ነበር። በደስታ እጄን አውለበለብኩላቸው። ለካ የሚያዩት ከኋላዬ የሚወድቀውን ነው።

ከድር ቤት ደርሼ ከመሪው ወደ አልጋው ላልፍ አንድ እርምጃ ስራመድ ወለሉ ተቀደደ። ግራ እግሬ መኪናው ውስጥ፣ ቀኝ እግሬ የጀርመን ምድር ላይ ቆምኩ። ከድር በመስኮት አንገቱን አስገብቶ አየኝ።

«ይሄ መኪና አይደለም፣ ጀናዛ ነው። ሻጩ አልነገረህም?»

«ነግሮኛል።»

«ሁሉን?»

«ሁሉን።»

«እና?»

«ዓይን ፈርቶ መስሎኝ ነዋ።»

ከድር መፍቻውን ጥሎ መሬት ላይ ዘጭ አለ። ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ሄደ፣ ከዚያ ተመለሰ። «ያ አላህ! ጀርመን ዓይን የሚፈራ መሰለህ? ጀርመን የሚፈራው ጠበቃ ነው! እንዳትከሰው ነው የነገረህ!»

ያም ሆኖ ክረምቱን ሙሉ አብሮኝ ሠራ፣ ክረምቱን ሙሉም ሰደበኝ። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ስንፍቀው ዝገቱ ሲያልቅ መኪናውም አብሮ ያልቃል። ወለሉን በኮምፔንሳቶ ደፈንነው። አይጦቹን አባረርናቸው፤ ማታ ተመለሱ፣ ከእኛ በላይ የመኖር መብት አላቸው። አንዲት የጣሪያ ቀዳዳ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘችም። ውሃው በአንድ በኩል ተደብቆ ይገባል፣ ማንም ባላሰበው በኩል ብቅ ይላል። «ስደተኛ ነው፣ ተወው» አለ ከድር። ከሥሩ የእናቴን ጣሳ አስቀመጥኩለት።

መኪናውን ወንዝ ዳር አቆምኩና አድራሻዬን ላስመዘግብ ቢሮ ሄድኩ። አንሜልዱንግ ይባላል። ይህ ከሌለህ ሰው መሆንህ ራሱ በጥርጣሬ ነው የሚታየው።

«አድራሻ?» አለች ሠራተኛዋ።

«ቮንሞቢል።»

«እሱ ተሽከርካሪ እንጂ መኖሪያ አይደለም።»

«ስሙ ራሱ መኖሪያ ይላል እኮ።»

«የት ነው የቆመው?»

«ወንዙ ዳር።»

«ወንዝ አድራሻ አይሆንም።»

«በእኛ አገር ይሆናል። እኔ የተወለድኩበት ጎባ ብትመጪ አድራሻዬ ከኮሶው ዛፍ አጠገብ ነው። ሕፃን ልጅ ያደርስሻል።»

ቀና ብላ አየችኝ። «እንግዲያው ለምን ከዛፉ አጠገብ ሄደው አይኖሩም?»

ክፋቷን በፈገግታ ነው የተናገረችው፤ እኔም በፈገግታ መለስኩላት። «ሐሳቤ እሱ ነው፤ ቦታው ይጠብቀኛል» አልኳት። እውነቴን ነበር። በዚህ አገር የተሰደብኩትን ስድብ ሁሉ የቻልኩት ያቺን ከዛፉ እስከ አጥሩ ያለች መሬት እያሰብኩ ነው። ከቢሮው ወጥቼ መኪናውን ለምርመራ ብወስደው መርማሪው ደግሞ ዞሮ ዞሮ አየና፣ «ይህ ተሽከርካሪ አይባልም» አለ። ሴትዮዋ መኖሪያ አይደለም፣ ሰውዬው መኪና አይደለም። ታዲያ ምን ውስጥ ነው የምተኛው?

እሑድ ደረሰና ወደ ጎባ ደወልኩ። አሁን ይህን አንብባችሁ «ቀጣፊ» እንዳትሉኝ፤ ከቃሌ አንዱም ውሸት የለበትም።

«እማዬ፣ ቤት ገዛሁ።»

«እልልል!»

«ምድጃው እዛው፣ ሽንት ቤቱ እዛው። መስኮቱን ስከፍት ወንዝ ነው። ሲሰለቸኝ ደግሞ ጫካ ዳር ነው የማድረው።»

«ሁለት ነው እንዴ?»

«አንድ ነው፣ ግን ይሄዳል።»

«ይሄዳል! የኔ ልጅ ሥራው ይሄዳል እንጂ!» አለች። እኔም ሳቅሁ፤ በሌላ ጊዜ አስረዳታለሁ ብዬ ተውኩት። ፎቶ ላክልኝ ስትል አበባ አበባ ያለውን መጋረጃ፣ ምድጃውንና አልጋውን አንስቼ ላክሁ። በሚቀጥለው እሑድ ሰፈሩን ሰብስባ ጠበቀችኝ። የጎረቤታችን ሽማግሌ ኦቦ ቱፋ ስልኩን ተቀብለው «መኒ ኬ ሃ ጉቱ!» አሉ፤ ቤትህ ይሙላ ማለት ነው። የጎባ ሰው በአንድ ድምፅ አሜን አለ። ምርቃታቸው ለመድረስ አንድ ቀን አልፈጀም፤ በማግሥቱ ዝናብ ጣለና ቤቴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ሞላ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ስደውል ስልኩን ያነሣው ደምሴ ነው። ደምሴ ሮቤና ጎባ መካከል ሚኒባስ ይነዳል። ከበስተኋላው መዶሻ ይሰማል።

«ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለህ ልልህ ነበር። እኔም ላገባ ነው። ሽማግሌ ተቀምጦ የጓሮዋን ቦታ እማዬ ለእኔ መርቃ ሰጠችኝ። አንተማ ቤት አለህ።»

ግድግዳውን ተደገፍኩ። ግድግዳውም እኔን ስለተደገፈ የቱ የቱን እንደ ያዘ ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ።

«ኮሶውስ?»

«በርና መስኮት ሆነ። ያምራል፣ ቀይ ቀይ ጣውላ ነው የወጣው።»

«ደምሴ፣ ስማኝ፣ ያ የገዛሁት…»

«አውቃለሁ ጋሼ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከመጋረጃው ጥግ መሪ ይታያል። የእጅ ፍሬንም አይቻለሁ። ለሹፌር እንዲህ ያለ ፎቶ ይላካል?»

«እና ለምን አልነገርካትም?»

«አልጠየቀችኝማ። ደግሞ አንተ ነህ ቤት ያልከው፣ እኔ ወንድሜን ላዋርድ?» አለና እናቴን ጠራት። «እማዬ! ባለቤቱ ደውሏል!»

የመጣው ይምጣ አልኩ። ዕድሜ ልኬን ስቀልድ ኖሬ ያን ቀን አንድም ቀልድ አልነበረኝም።

«እማዬ፣ ስሚኝ። የገዛሁት ቤት አይደለም። አሮጌ መኪና ነው።»

እንዳታቋርጠኝ ቶሎ ቀጠልኩ።

«ጣሪያው ያፈሳል። ወለሉ በስብሷል። ፍሬኑ አይታመንም። አይጥ አለበት። እኔ ጠላቴም ቢሆን እንዲገዛው አልመክርም።» ስናገር የሽማግሌው ጢም ትዝ አለኝና ምላሴ ከበደኝ። የማወራው በእሱ አፍ ነበር።

«ጎሽ!» አለች እናቴ በሹክሹክታ። «ጎሽ የኔ ልጅ! እንዲህ ነው እንጂ! እኔማ ለአገር ሁሉ አውርቼ አውርቼ ዓይን ያገኝህ ይሆን ብዬ እንቅልፍ አልነበረኝም። ለጠየቀህ ሁሉ እንዲሁ በል። አይጧን መጨመርህ ደግሞ ጥሩ ነው።»

«እማዬ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ እውነቴን ነው!»

«አትማል እንጂ! መሸፈን ሌላ፣ መማል ሌላ።»

«መሬቴን እማዬ…»

«መሬቱን ደምሴ ይሥራበት፣ አንተን የመሰለ ቤት ከየት ያመጣል? ይልቅ ለእሱ ጸልይለት።»

በእሷ በኩል ደምሴ ቆርቆሮ ይመታል። በእኔ በኩል ዝናቡ ጀምሮ ነበርና ውሃው ጣሳዋ ውስጥ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል።

«ምንድነው የሚያንኳኳው?» አለች እናቴ።

ጣሳውን በእግሬ ገፋሁት፤ ጠብታው ወለሉን ያንኳኳ ጀመር።

«እንግዳ መጥቶብሃል መሰለኝ። ሂድ ክፈትለት እንጂ ልጄ! ባለቤት ሰው ደጅ ያቆማል?»

ተነሥቼ በሩን ከፈትኩለት፤ ዝናቡ ገባ።