ከፈተናው በኋላ ይነገረው

ኤልቃና እዚህ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ አክስቱ አሳየች ዘንድ ተቀምጦ ስታትስቲክስ ይማራል። የስታትስቲክስ ቲዎሪ የሚሉት ትምህርት አንዴ ጥሎታል፤ ዘንድሮም ከወደቀ ከዩኒቨርሲቲ መባረሩ ነው። ፈተናው ሳምንት ሲቀረው እናቱ ሆሳዕና ላይ ሞቱ።

«ከፈተናው በኋላ ይነገረው» አሉ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ወልደሰንበት። የተቃወመ የለም። እኛ ሰፈር የተማሪ መርዶ ፈተና ይጠብቃል። እኔ በበኩሌ ይህ ልማድ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ግን ማን ይጠይቀኛል። አሳየች «የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ አለብኝ» ብላ ሄዳ እህቷን ቀበረች። ስትመለስ ድምጿ ተዘግቶ ነበር። ጉንፋን ነው አለችው። ጥቁርም አልለበሰችም፤ እንዲያውም ያቺን ባለ አበባ ቀሚሷን አውጥታ ለበሰች።

ኤልቃና ቀን ቀን ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ባሕር ዛፍ ሥር ያጠናል። አንድ ቀን ምን እንደሚያጠና ጠይቄው ነበር። መጀመሪያ «ምንም የተለወጠ ነገር የለም» ብለህ ትነሳለህ አለኝ፤ ያንን የምትተወው ማስረጃ ሲያስገድድህ ብቻ ነው። ማስረጃውንማ ሰፈሩ በየቀኑ ያቀርብለት ነበር። ጠዋት ጠዋት የሚያደነቁረን የጎረቤታችን የጋዲሴ ሬዲዮ ዝም አለ። ባለሱቁ ሱፊያን «አይዞህ» ማለት አበዛ። እናቱ ጋ ሲደውል ስልኩ አይሠራም።

«ተበላሽቶባት ነው፣ እሷ ደህና ነች። አንተ ብቻ አጥና» ትለዋለች አሳየች። እንቁላል ጠብሳ ታቀርብለትና ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። እሱም በልቶ፣ አመስግኖ፣ ወረቀቶቹን ይዞ ይወጣል።

እኛም አላወቀም ብለን ተጽናናን።

ዓርብ ተፈተነ። ሲመለስ አሳየች «እንዴት ነበር?» ስትለው «ደህና» አላት፤ ልቧ ረጋ። በነጋታው ጎሕ ሲቀድ ጋሽ ወልደሰንበት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከፊት፣ እኛ ከኋላ ሆነን በሩን አንኳኳን። የከፈተልን ኤልቃና ራሱ ነው፤ ልብሱን ለብሷል፣ ጫማውን አስሯል።

«ግቡ» አለን። «የእማዬን ልትነግሩኝ ነው። አውቄዋለሁ።»

አሳየች ከኋላው ቆማ «ከመቼ ጀምሮ?» አለችው።

«ከጉባኤ የተመለስሽ ቀን። ድምፅሽ እንደዚያ የሚዘጋው ስታለቅሺ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«አንቺ ለእኔ ብለሽ እንባሽን ይዘሽ፣ እኔ እንዴት ላልቅስ?»

ያን ጊዜ ሁላችንም አልቻልንም። አሳየች ሳምንት ሙሉ ያፈነችውን ለቀቀችው። ደረቷን እየመታች «እህቴ፣ ልጅሽን አስፈትኜልሻለሁ፤ እህቴ፣ አደራሽን አልበላሁም» እያለች ታለቅስ ጀመር።

ኤልቃና እጇን ያዘና ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ። ከአጠገባቸው ስለነበርኩ ሰማሁት።

«አክስቴ፣ ስሜን ብቻ ጽፌ ነው የወጣሁት።»