የደቻቱ እርጥብ አሸዋ

ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድልድዩ ላይ ቆሜ ደብተሬ ላይ ስጽፍ ወታደሮች ያዙኝ። ሁለተኛ ዲግሪዬን ከምማርበት ውጭ አገር ለክረምቱ ተመልሼ፣ ከተማችንን ሰንጥቆ የሚያልፈውን የአሸዋማውን ወንዝ የደቻቱን ጎርፍ እለካ ነበር። ጥናቴ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ተራራው ላይ ከዘነበ በኋላ ጎርፉ በስንት ደቂቃ ከተማው ይደርሳል? ስሌቴ አንዳንድ ቀን ልክ ይመጣል፤ አንዳንድ ቀን ጎርፉ ይቀድመዋል። ለምን እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ጣቢያ ሲያደርሱኝ አለቃቸው፣ አንድ መቶ አለቃ፣ በቁጥር የተሞላ ደብተሬን ገለባበጠ።

«የተማሪዎች የምስጢር ጽሑፍ ነው።»

«የጎርፍ ስሌት ነው።»

«ጮክ በይ።»

ደገምኩለት፤ ብዙም አልጮህኩም።

«እስከ ነገ አስቢበት። ምስጢር ነው ብለሽ ፈርሚና ቤትሽ ግቢ።»

ደብተሩ ላይ ስሌቱን ያዩልኝ የሁለት ጓደኞቼ ስም ነበር። ከፈረምኩ እነሱም ይያዛሉ።

ያሰሩኝ ክፍል ጠባብ ነው፤ ግድግዳው እንደ ምድጃ ይግላል። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ከመልካ ጀብዱ የመጣች አንዲት እስረኛ ሰሌኗ ላይ ቦታ ለቀቀችልኝ።

«እኔን የያዙኝ በኮንትሮባንድ ጨርቅ ነው። አንቺስ አባዮ፣ እህቴ?»

«በቁጥር።»

«ወላሂ? ቁጥርም ቀረጥ አለው?»

ሳቄ መጣ። ስለ ጎርፉ ነገርኳት።

«እኛ እኮ ሸክም ይዘን ነው ደቻቱን የምንሻገረው» አለች። «መጀመሪያ አሸዋውን በተረከዝ እንቆፍራለን። ታቹ ደረቅ ከሆነ ጎርፉ ሲያጓራ ብንሰማም ጊዜ አለን፤ አሸዋው ይጠጣዋል። እርጥብ ከሆነ ግን ሸክምሽን ጥለሽ ሩጪ። የጠገበ አሸዋ ውሃ አያቆምም።»

ከሰሌኑ ቀና አልኩ። እኔ አሸዋው ሁልጊዜ እኩል ይጠማል ብዬ ነበር ያሰላሁት። ትምህርት ክፍል ውስጥ ለጥያቄ እጄን አውጥቼ የማላውቀው እኔ ሴትዮዋን በጥያቄ አጣደፍኳት፤ ስንት ቀን ሳይደርቅ ይቆያል? ምን ያህል ይቆፈራል?

«መቶ አለቃውም እንዲህ አልመረመረኝ» አለች።

ወለሉ አቧራ ላይ በጣቴ ጻፍኩ። ስሌቴ የሳተባቸውን ቀናት አንድ በአንድ አስታወስኩ፤ ሁሉም ከዝናብ ማግስት ነበሩ። አሸዋው ገና አልደረቀም ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ ስፈታ ደብተሬ አልተመለሰልኝም፤ ጥናቱን ያለ እሱ ጨረስኩ። ሴትዮዋን ያን ሁሉ ጠይቄያት ስሟን አለመጠየቄ ግን ዛሬም ይከነክነኛል።

ያኔ፣ በተያዝኩ በማግስቱ ረቡዕ ጠዋት፣ መቶ አለቃው ወረቀትና እስክሪብቶ አቀረበልኝ። «ደብተሩ ውስጥ ምስጢር የለም፤ አንድ ስህተት ግን አለ፤ እሱም የእኔ ብቻ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ስህተቱን አርሜ ከሥሩ ፈረምኩ።