ያልተቆጠሩት ወንዶች

በእኛ ቤት የሞተ ሕፃን አይቆጠርም። «ስንት ልጆች አሉሽ?» ሲባል የቀሩት ብቻ ይጠራሉ። ለምን ቢሉ፣ ሞት ቆጠራውን ከሰማ ለቀሩት ይመለሳል ይባላል። ሳይጠራ መጥቶ የማያውቅ ይመስል!

የዛሬ ሁለት ክረምት ሺሺንዳ የምትኖረው ታናሽ እህቴ የአምስት ወር ወንድ ልጇን አዝላ ቦንጋ እኔ ዘንድ መጣች። የልጁ ሳል አያባራም፣ አፉ ውስጥ የወጣው ነጭ ነገር አይለቅም። እንደተወለደ የተከተበበት ክንዱ ቆስሎ ብብቱ ሥር አብጧል። በዚያ ሰሞን ከአዲስ አበባ አንዲት ተመራማሪ ሐኪም ሆስፒታል መጥታለች፤ በሽታ የማይለቃቸውን ሕፃናት ደም ታጠናለች ተባለ። እህቴ አማርኛ ብዙም አይሆንላትም፣ ስለዚህ አስተርጓሚዋ ሆኜ ገባሁ። አጎታችንም ማንም ሳይጠራው ኮቱን ለብሶ ከዘራውን ይዞ ተከተለን። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን አይገባውም።

«ከዚህ በፊት የሞቱ ልጆች ነበሩ? በተለይ ወንዶች?» አለች ሐኪሟ።

በካፊኖኖ ብነግራት እህቴ አንገቷን ደፋች። አጎቴ ቀደማት።

«የሉም! የእኛ ዘር ጤነኛ ነው። ይሄን ልጅ ዓይን ነው የበላው።»

«አባባ፣ እኔ እናትየዋን ነው የጠየቅኋት።»

«ለእሷ የምመልስ እኔ ነኝ።»

አራት ጊዜ ያማጠው እሱ ነዋ!

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። «እትዬ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?»

ገበያ ውስጥ ለአንድ ጣሳ ኮረሪማ ስከራከር ድምፄ ከዳር ዳር የሚሰማው እኔ፣ ትንፋሼ ጠፍቶ «የሉም፣ ዶክተር» አልኩ። ወረቀቷ ላይ ዜሮ ጻፈች። የእህቴ ሁለት ወንዶች ልጆችና ከእናታችን ተወልደው በሕፃንነታቸው የሞቱት ሦስት ወንድሞቼ እዚያች ዜሮ ውስጥ ተቀበሩ፣ ለሁለተኛ ጊዜ።

«ከዘር የሚመጣ መስሎኝ ነበር» አለች። «እንግዲያው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት እንጀምርለትና ከወር በኋላ አምጡት። እኔ ነገ ወደ አዲስ አበባ እመለሳለሁ።»

በር ላይ ባጃጅ ስንጠብቅ አጎቴ ደረቱን ነፋ። «ቤተሰቡን ከሐሜት አዳንኩት» አለ። ልጁ እናቱ ጀርባ ላይ ያቃስታል፤ እሱ የሚያድነው ስም ነው። ያኔ እህቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «የፊተኞቹም ብብታቸው ሥር እንዲህ አብጦ ነበር» አለችኝ።

መለስ አልኩ።

«ወዴት ነው?» አለ አጎቴ።

«ልቆጥር!»

«ሞት ይሰማሻል!»

«ይስማ፣ ጋሼ። ቤታችንን እንደሁ ከእርስዎ በላይ ያውቀዋል።»

አምስቱንም በጣቴ እየቆጠርኩ ነገርኳት። ሐኪሟ እስክርቢቶዋን አስቀመጠች። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብላ አስረዳችኝ፤ ከዘር የሚመጣውን በሽታ እናት ሳትታመም ትሸከመዋለች፣ የሚታመሙት ወንዶቹ ናቸው። ልጁ በሽታ መከላከያ ሳይኖረው ነው የተወለደው፤ ሌላውን ሕፃን የሚጠብቀው ክትባት ለእሱ ራሱ በሽታ ሆኗል።

«መድኃኒት የለውም?»

«አለው። ከእህት ወይም ከወንድም መቅኔ ስቴም ሴል የሚባለው የደም ዘር ይወሰድና ለእሱ ይሰጣል። ከተስማማው አዲስ መከላከያ ያበቅልለታል። አገራችን ውስጥ እንዲጀመር ነው የምለፋው፤ ለእሱ ግን አይደርስም፣ ውጭ መሄድ አለበት። ነገ ከእኔ ጋር ትሄዳላችሁ።»

አዲስ አበባ የእህቴ የሰባት ዓመት ሴት ልጅ ከሺሺንዳ መጥታ ተመረመረች፤ መቅኔዋ ከወንድሟ ጋር ገጠመ። አጎቴ ይህን ሲሰማ ምን ቢል ጥሩ ነው? «የሴት መቅኔ ወንዱን ልጅ ልፍስፍስ ያደርገዋል!» አምስት ወንዶች ሲቀበሩ አንድ ቀን ለምን ያላለ ሰው ለመቅኔ ተጨነቀ። በሽታ እንዳታጋባበት ወንድሟን እንዳትስም የተከለከለችው ትንሿ ልጅ ግን መርፌውን ስትሰማ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ከዚያ በኋላ ልስመው ይፈቀድልኛል?»

ሐኪሟ ያልረገጠችው ቢሮ የለም፤ ወራት ቢፈጅም እናትና ልጆቿ ሦስቱም ባሕር ማዶ ሄዱ። ቀዶ ጥገና አልነበረም፤ በከረጢት ያለች ደም የመሰለች ነገር በክንዱ ገባች። ከዚያ እናትና ልጅ ሰው በማይገባበት ክፍል ውስጥ ተዘግቶባቸው ከረሙ። እኔ እዚህ ስልክ በጮኸ ቁጥር የያዝኩትን ጥዬ እሮጣለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ገበያ ሳለሁ እህቴ ደወለች፤ ታለቅሳለች።

«ጉንፋን ያዘው» አለች።

«እና?»

«በሦስተኛው ቀን ለቀቀው። በራሱ! ምንም ሳይሰጡት!»

ገበያ መሃል ተቀምጬ አለቀስኩ። አጎቴ ከማዶ ቆሞ ነበር፤ ምን እንደሆነ ነገሩት።

«ለጉንፋን ነው ከባሕር ማዶ የሚደወለው?» አለ።

«አዎ፣ ጋሼ፣ ለጉንፋን ነው» አልኩት፤ ስልኩንም መልሼ ጆሮዬ ላይ አደረግሁት።