የአባቴ በር ሲከፈት

አባቴ ሞባይል አላቸው። ያውም ቁልፎቹ ባቄላ የሚያካክሉ፣ ሲጮኽ መንደሩን የሚያነቃ ሞባይል፤ የገዛሁላቸውም እኔ ነኝ። ችግሩ፣ ባትሪው እንዳያልቅ ብለው አጥፍተው፣ በጨርቅ ጠቅልለው፣ ሳጥን ውስጥ ቆልፈው ማስቀመጣቸው ነው። ማውራት ሲያምራቸው ያወጡታል፤ ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው ጎረቤታችን ባልቴት ቁጥሩን ይመቱላቸዋል፤ አውርተው ሲጨርሱ ተመልሶ ሳጥኑ ይገባል። እኔ ስደውል የምታነሳልኝ ያቺ በቴፕ የተቀዳች ሴትዮ ናት። ካባቴ ይልቅ ከእሷ ጋር ብዙ ተነጋግረናል፤ አንዳንዴም ሰድቤያታለሁ።

ቀልዱ ያበቃው ክረምት ላይ ነው። አባቴን ጓሮ ጭቃ አንሸራተታቸውና ወደቁ፤ ወገባቸው አላስነሳ ብሏቸው ከማለዳ እስከ ቀትር ዝናብ ውስጥ ተኙ። እትዬ ወንፊት ሊዋሱ መጥተው ባይጣሩ ኖሮ የሚሆነውን ማሰብ አልወድም። እኔ የሰማሁት ከሁለት ቀን በኋላ ነው። እሳቸው መሬት ላይ በተኙበት ሰዓት መካነ ሰላም ኮሌጅ ውስጥ ቆሜ ለተማሪዎቼ ስለ ኤሌክትሪክ መስመር እያስረዳሁ ነበር።

እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ቤታችን ከከላላ መንገድ ወርዶ አንድ ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ነው። ከተማ መጥተው ከኔ ጋር እንዲኖሩ ስለምናቸው «መጥቼ ምን ልሠራ? ግድግዳሽን ልጠብቅ?» አሉኝ። ቢያንስ ስልኩን ያብሩት ስላቸው ደግሞ ጆሮ ዳባ ልበስ።

ያን ሰሞን ነው ከሥልጠና ስመለስ አንድ ካርቶን ይዤ የመጣሁት። ለሠልጣኞች የታደለ የኤሌክትሮኒክስ መለማመጃ ነው፤ ያለ ብየዳ፣ እንደ ልጆች መጫወቻ እየተሰካካ የሚገጣጠም። ሙቀት የሚለካ ሴንሰር አለው፣ የአፈር እርጥበት የሚለካ አለው፣ የበርን መከፈት የሚያውቅ ባለማግኔት አለው። የሁሉም አለቆች ግን ሲም ካርድ የሚጎርሱት ሁለቱ ሰሌዳዎች ናቸው። ሲሙን ታጎርሻቸዋለሽ፣ ሴንሰሩን ትሰኪላቸዋለሽ፣ የሆነ ነገር ሲሆን መልእክት ይልካሉ ወይም ይደውላሉ። የሥራ ባልደረቦቼ ስለ መስኖና ስለ ንብ ቀፎ ሲያልሙ እኔ የታየኝ አንድ በር ብቻ ነበር።

በሩ በማለዳ ከተከፈተ አባቴ ተነሥተዋል፤ ካልተከፈተ አንድ ነገር ሆነዋል። ግን ይህ ለአባት ፊት ለፊት የሚነገር ነገር ነው? «መኖር አለመኖርዎን የሚነግረኝ ዕቃ ነው» ይባላል? ስለዚህ ዋሸሁ። «የኮሌጅ ጥናት ነው፤ የገጠር በር በቀን ስንት ጊዜ እንደሚከፈት የሚያጠና» አልኳቸው፣ ዓይኔን ሳላሽ። አባቴ ዕቃውን አገላብጠው አዩት።

«የተማረ ሰው ይህን ያህል ሥራ ፈትቷል?» አሉና ፈቀዱ።

ማግኔቱን መዝጊያው ላይ፣ ሰሌዳውን ከጉበኑ በላይ፣ ትንሿን ሶላር ደግሞ ቆርቆሮው ላይ አሰርኩ። «እዚያ ጋ አይዝም፤ ወደ ባሕር ዛፉ አስጠጊው» እያሉ አባቴ አመራር ሰጡኝ። ስልካቸውን ቆልፈው እያኖሩ ኔትወርክ የሚገኝበትን ቦታ ሁሉ ግን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ስንሰናበት «በሩ በተከፈተ ቁጥር ስልኬ ይጮኻል፤ ተኝቼም ቢሆን ይቀሰቅሰኛል» ብዬ ጉራዬን ነዛሁ። ይህቺ ጉራ ኋላ ጉድ ሠራችኝ።

ከማግሥቱ ጀምሮ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ መልእክቱ ይገባል፦ «በር ተከፈተ»። እሑድ የለ፣ በዓል የለ። እያጉረመረምኩ እነሣለሁ፤ ልቤ ግን ቅቤ ይጠጣል።

ሳምንት ሲሆነው ዕቃው አመል አወጣ። በር ተከፈተ፣ በር ተከፈተ፣ በር ተከፈተ፤ በየማለዳው ሦስት መልእክት፣ አከታትሎ። ማግኔቱ ላልቷል አልኩ። ነፋስ ነው አልኩ። በቅዳሜው ወርጄ ፕሮግራሙን አስተካከልኩት፤ ከመጀመሪያው ቀጥሎ አሥር ደቂቃ ውስጥ የሚመጣውን እንዳይቆጥር አዘዝኩት። አንድ ብቻ መምጣት ጀመረ። በጣም ስለኮራሁ «የተሳሳተ ምልክት እንዲህ ይጣራል» ብዬ ለተማሪዎቼም አስተማርኩበት።

ጥቅምት ላይ ጉንፋን ጣለኝ። ትኩሳቱ ሌላ፣ ሳሉ ሌላ፤ ኪራይ ቤቴ ውስጥ በሬን ዘግቼ ሁለት ቀን ተኛሁ። በሁለተኛው ቀን ለገበያ የመጡት እትዬ ጎራ ብለው በዚህ ሁኔታ አገኙኝ። ለአባዬ እንዳይነግሩብኝ ለመንኳቸው።

«ወላሂ ትንፍሽ አልልም!» አሉ።

በማግሥቱ ማለዳ መልእክቱ ቀረ። አሥራ ሁለት ሰዓት አለፈ፤ አንድም፣ ሁለትም ሰዓት ሆነ። ኔትወርክ ነው እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። አባቴ ጋ ደወልኩ፤ ያቺ ሴትዮ አነሳች። እትዬ ጋ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አያነሱም። ጋቢዬን እንደ ተከናነብኩ መናኸሪያ ሮጥኩ። ሚኒባሱ ሦስት ሰው ይጎድለዋል። «አባቴ!» ብዬ ጮኽኩ፤ ሌላ ቃል አልወጣኝም። ሾፌሩ ፊቴን አየና «አብሽሪ እህቴ፣ እንሄዳለን» ብሎ ሳይሞላ አስነሣው።

ከመኪና ወርጄ ያን የእግር መንገድ እያሳልኩና እያለቀስኩ እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም። ግማሹ ላይ ስደርስ የለቅሶውን ድንኳን የት እንደምንተክል ወስኛለሁ።

በሩ ዝግ ነው። የሰሌዳው አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፤ ዕቃው ደኅና ነው። እንግዲያው አንድ ነገር የሆኑት አባቴ ናቸው። መዝጊያውን ልገፋ እጄን ስዘረጋ ከቤቱ ጎን የመፍጨርጨር ድምፅ ሰማሁና ዞርኩ።

መስኮታችን ላይ ሁለት እግሮች ተንጠልጥለዋል። አንደኛው የጎማ ጫማ አጥልቋል፤ የሌላኛው ጫማ ከታች፣ ከተገለበጠ በርጩማ አጠገብ ወድቋል። ጭንቅላቱና ትከሻው ቤት ውስጥ ናቸው።

ኮቴዬ የእትዬ መስሏቸው ከውስጥ ጮኹ፦ «አንቺ ሴት! በሩን እንዳትነኪው! ልጄ ታማ ተኝታለች፤ ትቀሰቅሽብኛለሽ!»

«አባዬ፣ እኔ ነኝ።»

እግሮቹ መወራጨት አቆሙ።

«ታዲያ ማን ቀሰቀሰሽ?»

እትዬ ትንፍሽ ያላሉት ለካ ቀዬው እስኪደርሱ ብቻ ኖሯል። እኔ ያን ሁሉ ዕቃ የሰካካሁት እንዳይወድቁብኝ ነበር፤ እሳቸው እኔን ላለመቀስቀስ በሰባ ምናምን ዓመታቸው በመስኮት ሲወጡና ሲገቡ አርፍደዋል። ወገባቸውን አቅፌ ሳወርዳቸው እየሳቅኩ ይሁን እያለቀስኩ ራሴም አልለየሁትም። እግራቸው መሬት ሲነካ ግን ንዴቴ መጣ።

«ቢወድቁስ? እኔ ለዚህ ብዬ አይደል እንዴ...» ብዬ ምላሴን ነከስኩ።

«ለምን ብለሽ? ለጥናቱ?»

የተገለበጠውን በርጩማ አቃናሁ።

«ልጄ፣ አርባ ዓመት በዚህ በር ስገባ ስወጣ ያጠናኝ የለም። በወደቅኩ ማግሥት ጥናት ሲመጣ አይገባኝም? ገብቶኛል እንጂ። በየማለዳው ሦስት ጊዜ የምከፍትልሽ ለምን ይመስልሻል?»

«ሦስት ጊዜ?»

«አንዱ እንዴት አደርሽ። አንዱ ጤናሽ እንዴት ነው። አንዱ እኔ ደኅና ነኝ። እንዲያው በር ከፍቶ ዝም ማለት ነውር አይደለም?»

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። የላላ ማግኔት ነው፣ ነፋስ ነው ብዬ፣ ለአንድ ክፍል ተማሪም የተሳሳተ ምልክት ነው ብዬ፣ የአባቴን ሰላምታ በገዛ እጄ አስቀርቼዋለሁ። እውነቱን መናገር አቃተኝ። «ይደርሰኛል» አልኳቸው። ሁለተኛ ውሸቴ ነው።

አባቴ የወደቀውን ጫማቸውን እያጠለቁ «እኔ ስወድቅ ሁለት ቀን ሳልሰማ ቀረሁ ብለሽ ስትንጨረጨሪ ከረምሽ» አሉ። «አንቺስ? ያቺ ሴት ለገበያ ባትወጣ መታመምሽን ማን ይሰማ ነበር? የኔ በር ላንቺ ይናገራል። ያንቺ በር ለማን ነው የሚናገር?»

ብቻዬን መኖሬን እንደ ትልቅ ነገር ስቆጥረው ኖሬያለሁ፤ ያን ሰዓት ግን ሆዴ ባባ። አባቴም አላባበሉኝም፤ በርጩማውን አነሡና ወደ ቤት ገቡ፣ ያውም በበሩ።

ከመመለሴ በፊት ያን ማጣሪያ አጠፋሁት። ከሶላሯም ለሞባይሉ ቻርጀር ቀጠልኩ፤ ስልኩ ከሳጥኑ ወጥቶ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። ስንት ጊዜ የለመንኩት ነገር ያለ ልመና ሆነ። መካነ ሰላም ስደርስ ሁለተኛውን ሰሌዳ አውጥቼ በገዛ በሬ ላይ ገጠምኩ። አባቴ ጽሑፍ ስለማያነቡ የኔ በር የሚያደርግላቸው ሚስኮል ነው፤ አንዴ በተከፈተ ቁጥር ስልካቸው አንዴ ይጮኻል።

አንድ እሑድ ታዲያ አረፈድኩ። ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ።

«በርሽ አልተከፈተም» አሉ አባቴ፣ በእትዬ አስደውለው። «ምን ሆነሻል?»

«ምንም! ተኝቼ ነው። እሑድ እኮ ነው አባዬ!»

«ተነሥተሽ ክፈቺና ተመልሰሽ ተኚ። እኔ ስልኩን ልዝጋው፤ መስመሩ እንዳይያዝብሽ።»

እየተነጫነጭኩ ተነሣሁ። በሩን ስከፍተው ብርዱ ገባ፤ ቶሎ ዘጋሁት። ወደ አልጋዬ ሁለት እርምጃ ከሄድኩ በኋላ ግን ተመለስኩ። ደግሜ ከፍቼ ዘጋሁት። ከዚያም ለሦስተኛ ጊዜ ከፈትኩት።